ጋዙን ወደ ድንጋይ መመለስ፦ ከቁስቋም ኖራ እስከ ለሚ ሲሚንቶ

ጎንደር ከተማን ቁልቁል በሚያየው የደብረ ፀሐይ ቁስቋም ኮረብታ ላይ የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ፍርስራሽ አለ። እቴጌይቱ ባለቤታቸው አፄ በካፋ ካረፉ በኋላ፣ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ እ.ኤ.አ. በ1730 በሕፃንነቱ ሲነግሥ፣ አብረው ዘውድ ደፍተው አገር ያስተዳደሩ ሴት ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑንና ቤተ መንግሥቱን ያሠሩትም በዚያ የሥልጣን ዘመናቸው ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲደርስ በፈንጣጣ የታመሙ የቤተ መንግሥት ልጆችን ያስታመመው እዚሁ ቁስቋም ነበር። የሱዳን መሐዲስቶች ጦር እ.ኤ.አ. በ1888 ጎንደርን ሲያቃጥል ደብሩም የጥፋቱ ሰለባ ሆነ። ግቢው ዛሬ ጣሪያ የለውም፤ ግድግዳው ግን ዝናቡንም ፀሐዩንም ችሎ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1979 ፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ቁስቋምም አብሮ ተመዝግቧል።

ስለ ቁስቋም ሲነገር የሚነገረው ታሪኩና የእቴጌይቱ ዝና ነው። በግድግዳው ውስጥ ግን ለዘመናችን ኢንዱስትሪ ትልቅ ቁም ነገር የሚሆን ሌላ ጉዳይ አለ። ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይና በጌጥ የተጠረበውን ቀይ ድንጋይ አጣብቆ የያዘው ኖራ፣ ከምድጃ ያመለጠውን የተቃጠለ አየር ከነፋሱ መልሶ ስቦ ድንጋይ አድርጎታል። ዛሬ በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በቻይና ኩባንያዎች ከፋብሪካ ጭስ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዘው ወደ ጠቃሚ ዕቃ ለመቀየር ብዙ ገንዘብ ያፈስሳሉ። ከዚህ ሥራ ሁሉ ከፍ ያለ ተስፋ የሚጣልበት አንዱ ክፍል፣ በመሠረቱ የጎንደር ግንበኞች ሳያስቡት ይሠሩት የነበረው ነው። ልዩነቱ የእነሱ ግድግዳ በአሥርና በመቶ ዓመታት የጨረሰውን የዛሬው ፋብሪካ በሰዓታት መጨረስ መፈለጉ ነው።

የኖራ ዑደት

ኖራ አቃጥሎ መገንባት በጣና ዙሪያ የተስፋፋው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1607 እስከ 1632 ባለው ጊዜ፣ እንደሆነ የዘመኑ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ከኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ጋር ከህንድ የመጣ የግንበኝነት ዕውቀትም ድርሻ ነበረው። አፄ ፋሲለደስ ሚስዮናውያኑን ካባረሩ በኋላ ጥበቡ በአገሬው ግንበኛ እጅ ቀረ። ከጎንደር አብያተ መንግሥት ጀምሮ እስከ ቁስቋም ድረስ ያሉት ሕንፃዎች የዚያ ጥበብ ፍሬ ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የኖራ ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ በሚደርስ እሳት ሲቃጠል በውስጡ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተለይቶ ይወጣል። ከ100 ኪሎ ንጹሕ ድንጋይ 44 ኪሎው ጋዝ ሆኖ ይተናል፤ 56 ኪሎው ነጭ ኖራ ሆኖ ይቀራል። ኖራው ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ይፈረካከሳል፣ ይላቁጣል። ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ከገባ በኋላ ደግሞ ቀስ በቀስ ከአየር ያንኑ ጋዝ መልሶ እየሳበ ይጠነክራል። ሲጨርስ እንደ መነሻው የኖራ ድንጋይ ይሆናል። በተፈጥሮ አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ0.05 በመቶ በታች በመሆኑ ነገሩ ጊዜ ይፈጃል። ጋዙ ወደ ግድግዳው በጠለቀ ቁጥር ጉዞው እየዘገየ ስለሚሄድ ወፍራም ግድግዳ እስከ ልቡ ለመጠንከር ትውልዶች ሊወስድበት ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ እውነት መደበቅ የለበትም። የቁስቋም ግድግዳ የመለሰው ከድንጋዩ የወጣውን ጋዝ ነው። ምድጃውን ለማንደድ የተቆረጠው እንጨት የለቀቀውን ግን አልመለሰም፤ ሊመልስም አይችልም። በኖራው ውስጥ ቦታ ያለው ቀድሞ ከኖራ ድንጋዩ ለወጣው ያህል ብቻ ነውና። በጎንደር ዙሪያ ያለው ደን ከዘመን ዘመን እንዴት እንደተመናመነ የሚያውቅ ሰው የዚህን ክብደት ይረዳል። ድንጋዩ የወሰደውን ይመልሳል፤ የማገዶው ዕዳ ግን ሌላ መፍትሔ ይጠይቃል። ይህ ልዩነት በዛሬው የሲሚንቶ ኢንዱስትሪም ሳይለወጥ አለ። የካርቦን ብክነትን ወደ ጥቅም ስለመቀየር የሚነገረውን ሁሉ የምንመዝንበት ሚዛንም ከዚሁ ይወጣል። ጋዙ በተሠራው ዕቃ ውስጥ ስንት ዘመን ይቆያል? ወደዚያ ለማስገባት የወጣው ጉልበትስ ከየት መጣ? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ካልተመለሱ «አረንጓዴ» የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግረንም።

ከለሚ ጭስ ማውጫ የሚወጣው

በመስከረም 2017 ዓ.ም በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ የለሚ ብሔራዊ ሲሚንቶ ፋብሪካ ተመርቋል። በቀን 150 ሺህ ኩንታል ሲሚንቶ የማምረት አቅም እንዳለው በምረቃው ተነግሯል፤ የክሊንከር አቅሙም በቀን 10,000 ቶን ነው። ክሊንከር የሲሚንቶ ልብ ነው። የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር 1,450 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ እቶን ውስጥ ተቃጥለው የሚወጡት ጠጠር መሰል ነገር ሲሆን፣ እሱ ተፈጭቶ ሲሚንቶ ይሆናል።

አንድ ቶን ክሊንከር ሲመረት ከድንጋዩ ብቻ ከግማሽ ቶን ትንሽ ከፍ ያለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በዚህ ስሌት ከሄድን የለሚ እቶን በሙሉ አቅሙ በሠራበት ቀን ከድንጋዩ ብቻ ወደ 5,200 ቶን ጋዝ ይለቃል ማለት ነው። ለማንደጃ የሚቃጠለው ከሰል የሚለቀው በዚህ ላይ ይጨመራል። በዓለም ደረጃ ሲሚንቶ ከሰው ልጅ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነውን ይይዛል፤ ከዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚወጣው ከድንጋዩ ነው። ከሰሉን በሌላ ነዳጅ ብንተካ፣ እቶኑን በኤሌክትሪክ ብናግለው፣ ከድንጋዩ የሚወጣው አይቀርም። ሲሚንቶን ከሌላው ኢንዱስትሪ ሁሉ አስቸጋሪ የሚያደርገው ይህ ነው።

ለሚ ብቻውን አይደለም። ሙገር፣ ደርባ፣ ዳንጎቴ፣ መሶቦና ሌሎችም ፋብሪካዎች አሉ። የሙገርና የአባይ ሸለቆዎች ከላይ በጥቁር ድንጋይ የተሸፈነውን የኖራ ድንጋይ ገልጠው ስላሳዩ የሲሚንቶ ኢንዱስትሪው ወደ ሸለቆዎቹ ጫፍ ተስቧል። አገሪቱ ቤት፣ ግድብ፣ መንገድና ትምህርት ቤት ያስፈልጋታል፤ ሲሚንቶ ደግሞ ለዓመታት ሲያጥራት ቆይቷል። ስለዚህ ምርቱ ይቁም ወይም ይቀንስ የሚል ክርክር እዚህ ቦታ የለውም። ክርክሩ የሚጨምረው ምርት በምን ዓይነት አሠራር ይጨምር የሚለው ነው።

ኖርዌይ ብሬቪክ ውስጥ ሃይደልበርግ ማቴሪያልስ የተባለው ኩባንያ በ2025 እ.ኤ.አ. ከሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስ ላይ ጋዙን የሚይዝ ተቋም መርቋል። በዓመት 400 ሺህ ቶን ይይዛል፤ የተያዘው ጋዝም በመርከብ ተጭኖ ከሰሜን ባሕር ወለል በታች ይቀበራል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም ብሬቪክ ዓመቱን ሙሉ የሚይዘው የለሚ እቶን በሙሉ አቅሙ ከድንጋዩ በሰማንያ ቀን ያህል ከሚለቀው አይበልጥም፤ ያም በመንግሥት ከፍተኛ ድጎማ የተገነባ ነው። ጋዝን ይዞ መቅበር ብቻውን ለኢትዮጵያ የቅርብ ጊዜ መልስ እንደማይሆን ከዚህ መረዳት ይቻላል። ጋዙ የሚሸጥ ዕቃ ውስጥ ገብቶ ወጪውን የሚቀንስበት መንገድ መፈለግ አለበት።

ቢራ፣ ዩሪያ፣ ድንጋይ

ጋዙ ጥቅም ላይ የሚውልባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ግን እጅግ የተለያየ ነው።

በጣም ቀላሉ ከጠመቃ የሚገኘው ነው። ጠላ ሲጠነሰስ አረፋ የሚያነሣው ጋዝ ይኸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እርሾ ስኳርን ሲበላ ክብደቱ ሊተካከል ጥቂት በቀረው መጠን አልኮልና ጋዝ ያወጣል፤ ለ92 ኪሎ አልኮል 88 ኪሎ ጋዝ ይወጣል። ጎንደር ከተማ ውስጥ ዳሽን ቢራ ፋብሪካ አለ፤ የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካም አለ። አንድ ሚሊዮን ሄክቶ ሊትር የሚጠምቅ የቢራ ፋብሪካ በዓመት ወደ 4,000 ቶን ጋዝ ያመነጫል። ይህ ጋዝ ከፋብሪካ ጭስ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ንጹሕ ስለሆነ ለመያዝ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የቢራ ፋብሪካዎች በየአገሩ ጋዙን ሰብስበው ለራሳቸው ቢራ ይጠቀሙበታል። ጠርሙሱ ተከፍቶ መጠጡ ሲጠጣ ግን ጋዙ ወደ አየር ይመለሳል። ለፋብሪካው ከሌላ ቦታ ጋዝ መግዛትን ይተካለታል፤ ለአየሩ ግን ቁጠባ አይሆንም።

ሁለተኛው ዩሪያ ነው። የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የዳንጎቴ ግሩፕ በ2017 ዓ.ም መጨረሻ ባደረጉት ስምምነት በሶማሌ ክልል ጎዴ በዓመት ሦስት ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ተነሥተዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑ ነው። ከተፈጥሮ ጋዝ አሞኒያ ሲመረት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተይዞ እዚያው ዩሪያው ውስጥ ይገባል። ለአንድ ቶን ዩሪያ ወደ 730 ኪሎ ያስፈልጋል። የጎዴ ፋብሪካ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ በዓመት ከሁለት ሚሊዮን ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በምርቱ ውስጥ ይጠቀማል ማለት ነው። በዓለም ላይ ይህን ጋዝ እንደ ጥሬ ዕቃ ከሚጠቀም ኢንዱስትሪ ሁሉ ትልቁ ይኸው የዩሪያ ምርት ነው። ገበሬው ማዳበሪያውን ማሳው ላይ ከበተነ በኋላ ግን በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ዩሪያው ይፈርሳል፤ ጋዙም ይለቀቃል። ማዳበሪያው እህል ያበዛል፣ ከውጭ የሚገዛውን ይተካል። ይህ ጥቅም በራሱ በቂ ነውና የአየር ንብረት መፍትሔ የሚል ተጨማሪ ስም አያስፈልገውም።

በእነዚህ መካከል ሌሎች አሉ። በቻይና ሄቤይ ግዛት ላንዛቴክ የተባለው ኩባንያ ከሾውጋንግ ጋር በ2018 እ.ኤ.አ. ከብረት ፋብሪካ የሚወጣ ጋዝን ባክቴሪያ አብልቶ ኤታኖል የሚያወጣ ፋብሪካ አቋቁሟል። በጀርመን ኮቬስትሮ የተባለው ኩባንያ እስከ 20 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የያዘ የስፖንጅ ፍራሽ ጥሬ ዕቃ ይሠራል። ኤታኖሉ ነዳጅ ከሆነ ሲቃጠል ጋዙን ይለቃል፤ ፍራሹ ለዓመታት ይቆያል። ለእኛ አገር ግን ሁለቱም ሩቅ ናቸው። ላንዛቴክ የሚጠቀምበት ጋዝ የብረት ማዕድን ከሚያቀልጥ ትልቅ ምድጃ ይወጣል፤ የእኛ የብረት ፋብሪካዎች ደግሞ በአብዛኛው ቁርጥራጭ ብረት አቅልጠው ወይም ከውጭ የመጣ ብረት ስበው የሚሠሩ ናቸው።

ሦስተኛው መንገድ ድንጋይ ነው። ጋዙ ከካልሲየም ጋር ተገናኝቶ ድንጋይ ከሆነ እሳት ወይም አሲድ ካልነካው በቀር አይለቀቅም። አንድ ቡድን በ2016 እ.ኤ.አ. በኔቸር ጂኦሳይንስ መጽሔት ባወጣው ጥናት፣ ከ1930 እስከ 2013 በዓለም ላይ የተሠራው የሲሚንቶ ሥራ ሁሉ ከአየር መልሶ የሳበው ካርቦን፣ በዚያ ዘመን ከድንጋዩ ከተለቀቀው 43 በመቶ እንደሚሆን አስልቷል። አርማታና ልስን፣ የፈረሰ ሕንፃ ፍርስራሽ ጭምር፣ ሳይታዘዝ የቁስቋምን ኖራ ሥራ ይሠራል። የቀረው ነገር ይህን ማፋጠንና ከአየር ሳይሆን በቀጥታ ከፋብሪካ የወጣውን ጋዝ መመገብ ነው።

ለምን ብሎኬትና የወለል ንጣፍ?

ጋዝን ወደ አርማታ ማስገባት በሁሉም ቦታ አይሠራም። አርማታ ውስጥ ያለው ብረት ከዝገት የሚጠበቀው በዙሪያው ባለው ጠንካራ የአልካሊ ባሕርይ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲገባ ይህ ባሕርይ ይቀንሳል፤ ብረቱም ለዝገት ይጋለጣል። መሐንዲሶች በድልድይና በምሰሶ ላይ አጥብቀው የሚፈሩት ይህን ነው። ብረት የሌለበት ሥራ ላይ ግን ይህ ፍርሃት የለም። ብሎኬት፣ የእግረኛ መንገድ ንጣፍ፣ የመንገድ ጠርዝ ድንጋይና ሌሎች ብረት የሌለባቸው ቀላል ቅርጾች ለዚህ የተመቹ ናቸው።

በጎንደር እንደሌሎች ከተሞች ሁሉ በየሰፈሩ ዳር ተደራጅተው ብሎኬት የሚያመርቱ ወጣቶች አሉ። ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር ቀላቅለው፣ በማሽን ነቅንቀው ያወጡትን ብሎኬት ለቀናት ውሃ ሲያጠጡ ይሰነብታሉ። ዛሬ በተለያዩ አገሮች የሚሠራበት ዘዴ ይህን ብሎኬት ከቅርጹ ከወጣ በኋላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሞላበት ዝግ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ማቆየት ነው። ጋዙ ከሲሚንቶው ካልሲየም ጋር ተዋህዶ ብሎኬቱን ቶሎ ያጠነክረዋል። በቤተ ሙከራ ከሲሚንቶው ክብደት ከ10 በመቶ በላይ ጋዝ ማስያዝ እንደሚቻል ታይቷል። ጥንካሬው ቶሎ ስለሚመጣ በክረምት ሥራ አይጓተትም፤ ለማጠጫ የሚውለው ውሃም ይቀንሳል። የካናዳው ካርቦንኪዩር ደግሞ ሌላ መንገድ መርጧል፤ ጋዙን አርማታው ሲቦካ በጥቂቱ ይጨምራል። የሚገባው ጋዝ መጠን ትንሽ ቢሆንም አርማታው ስለሚጠነክር ሲሚንቶው በ5 በመቶ ያህል ሊቀነስ ይችላል። ከዚህ ዘዴ የሚገኘው ትልቁ ትርፍም በድንጋዩ ውስጥ ከተቀበረው ጋዝ ይልቅ የተቆጠበው ሲሚንቶ ነው።

የጎንደርን ሁኔታ ልዩ የሚያደርገው ሁለቱ ነገሮች ጎን ለጎን መኖራቸው ነው። ንጹሕ ጋዝ የሚያመነጭ የጠመቃ ኢንዱስትሪ በከተማው ውስጥ አለ፤ በኮሪደር ልማት ሥራው ደግሞ ከተማው የእግረኛ መንገድ እያነጠፈ ነው፤ ብሎኬትም በየቀኑ ይፈልጋል። ለሚ ከጎንደር በመቶዎች ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ጋዝ በቦቴ ጭኖ ያን ያህል መንገድ መሄድ አያዋጣም። በከተማው ውስጥ ከጠመቃ የሚተርፍ ጋዝ ወደ ብሎኬት ቢገባ ግን መንገዱ አጭር ነው። መጠኑ የአገሪቱን የሲሚንቶ ጭስ አይነካም፤ ለመማሪያና ለመለኪያ ግን ይበቃል። ጥንቃቄም ይፈልጋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል፣ ሽታም የለውም፤ ዝቅ ባለና በተዘጋ ቦታ ተጠራቅሞ ሰው ሊገድል ይችላል። የብሎኬት ማምረቻ ክፍል የጋዝ መለኪያና የአየር መውጫ ሳይኖረው እንዲህ ያለ ሥራ መጀመር የለበትም።

ሌላው የጎንደር ሀብት ከእግሩ ሥር ያለው ጥቁር ድንጋይ ነው። ከጎንደር እስከ ስሜን ተራሮች ያለው ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ባዛልት ክምር ነው። በአይስላንድ ካርብፊክስ የተባለው ፕሮጀክት በውሃ የሟሟ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ባዛልት ውስጥ አስገብቶ፣ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ድንጋይ መሆኑን በ2016 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። በጎረቤት ኬንያም ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ኦክታቪያ ካርቦን የተባለ ኩባንያ በዚሁ መስመር ሥራ ጀምሯል። የአይስላንዱ አሠራር ግን ለአንድ ቶን ጋዝ ከ20 ቶን በላይ ውሃ ይፈልጋል። በጋ ሲገባ የመጠጥ ውሃ ለሚያጥራት ጎንደር ይህ አይመከርም። የባዛልቱ ሀብት ለነገ ይቆይ፤ ዛሬ የሚቀድመው ሥራ ሌላ ነው።

የሚቀድመው ምንድን ነው?

ጋዝ ከመያዝ በፊት ጋዝ አለማውጣት ይቀላል። ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ባዶ እጇን አይደለችም። ፋብሪካዎቻችን ከተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ ሌላ ከስምጥ ሸለቆ የሚመጣ የእሳተ ገሞራ ፓሚስ የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ያመርታሉ። ፓሚሱ እቶን ውስጥ ስለማይገባ በእሱ የተተካው ክሊንከር ልክ ልቀቱ ይቀንሳል። ከዚህ አንድ እርምጃ የሚያልፈው፣ በስዊዘርላንድ የሎዛን ፖሊቴክኒክ ፕሮፌሰር ካረን ስክሪቬነርና ባልደረቦቻቸው ከኩባና ከህንድ ተመራማሪዎች ጋር ያዳበሩት ሲሚንቶ ነው። ከክሊንከሩ ግማሹን በተጠበሰ ሸክላ አፈርና በተፈጨ የኖራ ድንጋይ ይተካል። ሸክላው የሚጠበሰው ከክሊንከር እጅግ ባነሰ ሙቀት ሲሆን፣ ድንጋዩም ሳይቃጠል ነው የሚገባው። ልቀቱ እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል። ለአገራችን ደግሞ ከዚያ የበለጠ ትርጉም አለው፤ በተመሳሳይ እቶን ብዙ ሲሚንቶ ማውጣት ይቻላል፣ ለከሰል የሚወጣውም ገንዘብ ይቀንሳል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። መጀመሪያ ክሊንከሩን መቀነስ፣ ቀጥሎ የማገዶውን ዕዳ መቀነስ፣ ከዚያ የማይቀረውን የድንጋይ ጋዝ ረጅም ዕድሜ ባለው ዕቃ ውስጥ ማስገባት። ይህን ቅደም ተከተል የሚገለብጥ፣ ለምሳሌ ክሊንከሩን ሳይቀንስ በጥቂት ብሎኬት ጋዝ ያዝኩ የሚል ፋብሪካ፣ ሕዝብን ያሳስታል።

በጉልበት በኩል ኢትዮጵያ ከብዙ አገሮች የተሻለ ቦታ ላይ ናት። ጋዝ መያዝ፣ ማጥራትና መጭመቅ ኤሌክትሪክ ይበላል። ኤሌክትሪኩ ከከሰል ከመጣ የተያዘውን ያህል ጋዝ በሌላ በር ሊወጣ ይችላል። የእኛ ኤሌክትሪክ ግን በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ ከውሃና ከነፋስ የሚመጣ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከሚዛናችን ሁለት ጥያቄዎች አንዱን፣ ጉልበቱ ከየት መጣ የሚለውን፣ ተፈጥሮና የሕዝቡ መዋጮ መልሰውልናል።

«እኛ ምን አገባን?» ለሚሉ

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ መደመጥም ይገባዋል። የአንድ ኢትዮጵያዊ የዓመት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ከሩብ ቶን በታች ነው፤ የዓለም አማካይ ከ4 ቶን በላይ ነው። አየሩን የበከሉት ሌሎች ሆነው ሳለ የጎንደር ብሎኬት አምራች ስለ ካርቦን ለምን ይጨነቃል? በተጨማሪም በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ የቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ዕቃ ሲያስወድድ፣ ሰው ሲሚንቶ በማጣት ቤቱን ሳይጨርስ በሚቀርበት ጊዜ፣ ይህ ቅንጦት አይደለም ወይ?

ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱም ከፍትሕ ይጀምራል። የሌሎችን ዕዳ የመክፈል ግዴታ የለብንም። እዚህ የቀረበው ሐሳብ ግን የሌላን ዕዳ ስለመክፈል አይደለም። ሲሚንቶ ከሩቅ በሚመጣባት ከተማ እያንዳንዱ የተቆጠበ ኩንታል ገንዘብ ነው። ብሎኬቱ ቶሎ ከጠነከረ አምራቹ ወጣት ገንዘቡን ቶሎ ያገኛል። የሲሚንቶ ፋብሪካ ዛሬ የሚገነባው እቶን ለአርባና ለሃምሳ ዓመት የሚቆይ በመሆኑ፣ ጋዝ የሚያዝበት ቦታ ዛሬ ካልተተወለት ነገ ለማስተካከል ብዙ እጥፍ ያስከፍላል። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ገበያው በሚገቡ ሲሚንቶ፣ ብረት፣ አሉሚኒየምና ማዳበሪያ ላይ የካርቦን ክፍያ መጣል ጀምሯል። ማዳበሪያ ወደ ውጭ የመላክ ሐሳብ ላላት አገር ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም።

ቅርሱም የራሱ ጥቅም አለው። በጣሊያን ወረራ ዘመን በጎንደር አብያተ መንግሥት ጥገና ላይ ሲሚንቶና ብረት ያለው አርማታ ገብቶ ነበር። ሲሚንቶ ከጥንቱ ኖራ ይልቅ ደረቅና ዝግ በመሆኑ እርጥበት በግድግዳው ውስጥ አፍኖ ይይዛል፤ ድንጋዩንም ያበላሻል። ቁስቋምን በሚገባ ለመጠገን ኖራ አቃጥሎ፣ አርጥቦ፣ አሳርፎ የሚሠራ ግንበኛ ያስፈልጋል። ይህ ሙያ እንዲቀጥል የኖራ ሥራ ከቅርስ ጥገና ውጭም ገበያ ማግኘት አለበት። የጋዝ ብሎኬትና የኖራ ልስን ምርት እዚያው ጎንደር ቢያድግ የቅርስ ጠጋኙም የሥራ ዕድል ይሰፋል።

ከአሁን እስከ 2020 ዓ.ም

የተባበሩት መንግሥታት 32ኛው የአየር ንብረት ጉባኤ በ2027 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም፣ አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። ኢትዮጵያ ገና በ2011 እ.ኤ.አ. የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂዋን ስታወጣ ሲሚንቶን ልቀታቸው ሊቀነስ ከሚገባቸው ዋና ኢንዱስትሪዎች አንዱ አድርጋ ቆጥራው ነበር። እንግዶች ሲመጡ ከችግኝና ከግድብ ጎን በኢንዱስትሪ በኩል የምናሳየው በቁጥር የተለካ ሥራ ሊኖረን ይገባል።

ጎንደር ለዚህ የሚሆን አንድ ሙከራ በአጭር ጊዜ ልትጀምር ትችላለች። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መለኪያውንና ተመራማሪውን፣ የጠመቃ ፋብሪካው የሚተርፈውን ጋዝ፣ የተደራጁት ብሎኬት አምራቾች ማሽናቸውንና ልምዳቸውን ይዘው መምጣት ይችላሉ። የከተማ አስተዳደሩ ለእግረኛ መንገድ ከሚገዛው ንጣፍ ጥቂቱን ከዚህ ሙከራ ለመግዛት ቃል ከገባ ገዢ ያለው ሥራ ይሆናል፤ ያለ ገዢ የሚጀመር ሙከራ ከቤተ ሙከራ አይወጣም። የአገሪቱ የደረጃ ተቋም ደግሞ ለብሎኬትና ለንጣፍ ሁለት መለኪያ ቢያወጣ ይጠቅማል፤ በውስጡ ያለው ክሊንከር ስንት ነው? የያዘው ጋዝስ ስንት ነው? በዚህ መንገድ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ዛሬ ከድንጋዩና ከከሰሉ የሚለቁትን ለይተው ለሕዝብ እንዲያሳውቁ ማድረግም ይቻላል። ያልተለካ ነገር አይቀነስም፤ ያልተቀነሰውም ቀንሻለሁ ተብሎ ሊነገር አይገባም።

ሙከራው ላይሳካም ይችላል። ጋዙን ማጥራቱ ሊወደድ፣ የብሎኬቱ ጥንካሬ ከሚፈለገው ሊያንስ ይችላል። ያም ቢሆን ውጤቱ ተመዝግቦ ለሕዝብ ከቀረበ ኪሳራ አይደለም፤ በለሚና በሙገር በትልቁ ከመሞከሩ በፊት በትንሹ ተሞክሮ የተገኘ ዕውቀት ነው። ከተሳካ ደግሞ ትርፉ በመጀመሪያ የሚገባው ቶሎ በጠነከረ ብሎኬት ቶሎ ገንዘቡን ለሚያገኘው ወጣት፣ በተቆጠበ ሲሚንቶ ቤቱን ለሚጨርሰው ነዋሪ ነው። ጋዝን ወደ ድንጋይ የመመለስ ሐሳብ በአገራችን ሥር ሊሰድ የሚችለው እነዚህ ሰዎች ጥቅሙን በኪሳቸውና በቤታቸው ሲያዩት ነው፤ ስለዚህ ሥራው ከእነሱ ይጀመር።